ለጣውንቴ ያደረግሁት ዑምራ

የጣውንቴን ስም ለመጨረሻ ጊዜ የጠራሁት ባቲ ገበያ መሐል፣ ሰው እየሰማ፣ ልሰድባት ነበር። ከዚያ ወዲህ «ያቺ» ነው የምላት። ከአገር የሚመጡ ሰዎች እንኳ ለምደውት «ያቺ ሰላም ብላሻለች» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አንዲት አሮጊት የሰው ስም መጥራት አቅቷት መካ ላይ ስትንከራተት ብታዩ አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የልጅ ልጄ ትምህርት በዚያች ስም ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

መጀመሪያ ማን እንደሆንሁ ልንገራችሁ። ዘሀራ እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁት በስተርጅና፣ ከልጄ ስልክ ላይ ነው። የወሎ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ይማም፣ አላህ ይርሐመው፣ በላዬ ላይ ፋጡማን አገባ። እነሆ፣ ስሟን ጻፍሁት፤ እንዴት እንደቻልሁ ኋላ ትደርሱበታላችሁ። እሷ ወንድ በወንድ ላይ ወለደች። እኔ አንዲት ሴት ልጅ፣ ሰዓዳን፣ ወልጄ ማህፀኔ ተዘጋ። ድርቅ የገባ ዓመት ከብቱ አልቆ ይማም እጅ ላይ አንድ በሬ ብቻ ቀረ። እሱን ሸጦ ከሁለታችን አንዳችንን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሊልክ አሰበ።

«ፋጡማ ታጠባለች፤ አንቺ እጅሽ ባዶ ነው» አለኝ።

እጅሽ ባዶ ነው። ሌላ ሰው ሻንጣ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ይችን ቃል ይዤ መጣሁ። ጂዳ ሰው ቤት ሠራሁ፣ መካ ሰው ቤት ሠራሁ፤ የማዳሟን ልጆች አሳደግሁ። በላክሁት ገንዘብ ይማም ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰው። በኔ ላብ በተከደነ ቆርቆሮ ሥር ተኝታ ዝናቡን የምትሰማው ግን ያቺ ነበረች። እኔ ያለሁበት አገር ዝናብ ብርቅ ነው።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ልጄ ናት። ሰዓዳን ያስመጣኋት ጡቷ አጎጥጉጦ ነው። ጂዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሮጬ ባቅፋት «እቴቴ» አለችኝ። እቴቴ የሚሉኝ የያቺ ልጆች ናቸው። ልጄ ከነሱ ጋር አድጋ ከነሱ ተማረችው። «እማ» የምትለው ያችኛዋን ነበር። ሰዓዳ አግብታ ወልዳ፣ እስካሁንም «እቴቴ» እንዳለችኝ ናት። አፍ የለመደውን ምን ታደርጉታላችሁ?

አሁን የምኖረው ከሷ ጋር መካ፣ ኩዳይ ሰፈር ነው። ባሏ የሐጃጅ አውቶቡስ ይነዳል። እኔ አራስ አሻለሁ፤ ጨቅላ አጥባለሁ። ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት ስዞር እውላለሁ፤ መቀመጥ አልችልም፣ እግሬ የተፈጠረው ለመንገድ ነው። የልጅ ልጄ ኢክራም እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አደገች። አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው፤ እኔን «ሲቲ» ትለኛለች፣ እንደ መካ ልጆች፣ አያቴ ለማለት።

ኢክራም ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ ውጤቷ ሰፈሩን አስወራ። አብረዋት የተማሩት የአገሩ ልጆች እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ለውጭ ሰው ልጅ ያለው ቦታ ጠባብ ነውና የሷ ስም አልወጣም። ልጅቱ ግን አልተኛችም፤ ስልኳ ላይ አጎንብሳ ከረመች። አንድ ቀን ጧት ጨቅላ አጥቤ ስመለስ ደረጃው ላይ ጠምጥማ ያዘችኝ።

«ሲቲ! ማሌዥያ ተቀበሉኝ! ሰይደላ!»

ሰይደላ መድኃኒት ቅመማ ነው። ከክፍያውም ግማሹን እንተውልሻለን ብለዋል። ሰው ግማሹን ሲተውላችሁ ቀሪው ግማሽ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቀው፣ ያ ግማሽ የሌለው ሰው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ካልገባ የቪዛው ወረቀት አይመጣም። ቀኑ ካለፈ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። የሰዓዳ ወርቅ ተሸጠ። የኔም አምባር ተሸጠ። አባቷ ከሚያውቀውም ከማያውቀውም ለመነ። በዚያው ሰሞን የቤተሰቡ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ እድሳት ደረሰና ከተሰበሰበው ላይ ትልቁን ቆርሶ ሄደ። የቀረው አይበቃም። ከኛ በላይ ያለችው ጎረቤታችን ልጇን ግብፅ ልካ ታስተምራለች፤ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «የናንተዋስ መቼ ነው የምትሄድ?» ትለኛለች። እኔም «ኢንሻአላህ» እላለሁ፤ ወደ ውስጥ ግን በልጇ ሻንጣ እንኳ እቀናለሁ።

እንዲህ ሆነን ሳለ ሰዓዳ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ፊቷን ሳታዞር፣

«እቴቴ፣ ጀማል ደውሎ ነበር» አለችኝ።

«የቱ ጀማል?»

«የማታውቂው ትመስያለሽ! ወንድሜ ነዋ።»

«የያቺ ልጅ።»

«የይማም ልጅ። የኢክራምን ነገር ነግሬዋለሁ። እኔ እከፍላለሁ ብሏል። ግን መጀመሪያ አንቺን ማየት ይፈልጋል።»

ጀማል የያቺ የበኩር ልጅ ነው። ጂዳ፣ አል-ባላድ፣ የጨርቅ ሱቅ አለው። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ሰዓት መንገድ ላይ እየኖረ ደጁን ረግጬ አላውቅም። እናቱ ባለፈው ዓመት ስትሞት ሰዓዳ ለቅሶ ተቀምጣ ነበር፤ እኔ ያን ሳምንት አራስ በዝቶብኛል ብዬ ቤት አልዋልሁም።

ምን ላድርግ? በማግሥቱ ከኢክራም ጋር ጂዳ ወረድሁ። አል-ባላድ እነዚያ የእንጨት መስኮት ያላቸው አሮጌ ቤቶች ሥር፣ ጠባብ ጎዳና ውስጥ ገባን። ጀማል ከጥቅል ጨርቁ መሐል ብድግ አለ። ግንባሩ የይማም ነው፣ አፉ የያቺ። ሁለቱን አንድ ፊት ላይ አብረው ሳያቸው ትናንትም አብረው ያደሩ መሰለኝ።

«እቴቴ! ይግቡ፣ ይግቡ! ይህን ያህል ዘመን እዚህ ስሸጥ አንድ ክንድ ጨርቅ እንኳ ሳይገዙኝ?»

«ለብሼ አላጣሁም» አልሁት።

ሳቀ። ወንበር አቀረበ፤ ናዕናዕ ቅጠል የገባበት ሻይ አስመጣ። ኢክራምን ስለ ትምህርቷ ጠየቃት፤ በዐረብኛ ተንጫጩ። ልጅቷ «ኻሊ፣ ኻሊ» ትለዋለች፣ አጎቴ፣ አጎቴ። ትናንት ያላወቀችውን ሰው! በሷም ቀናሁ።

ኋላ ጀማል ሻዩን አስቀመጠ።

«እቴቴ፣ እናቴ ካዕባን ሳታይ ሞተች።»

«አላህ ይርሐማት» አልሁ፤ ደንቡ ነው።

«ዑምራ እንዲደረግላት ተናዝዛለች።»

«መካ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። አንተም አለህ። ስንት ወንድ ወልዳ የለ!»

«እኔ አድርጌላታለሁ፤ የልጅነቴን። የተናዘዘችው ግን ስም ጠርታ ነው። ‹ዘሀራ ታድርግልኝ› ነው ያለች።»

ሻዩ ሰርኔ ውስጥ ገባ መሰለኝ፣ አሳለኝ። ኢክራም ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«ሞታም አላረፈች! ከመቃብር ሆና ልታዞረኝ!» አልሁ።

ጀማል አልተቆጣም። «እኔም እንደዚያ ብያታለሁ። ‹እቴቴ እሺ አትልም› ብያታለሁ። እሷ ግን ሌላ አልፈልግም አለች።»

«እና እኔ ካልዞርሁ ለልጅቱ አትከፍልም?»

«እቴቴ፣ ለኢክራም የምሰጠው ስጦታ ነው። ዑምራውም ስጦታ ነው።»

«እንግዲያ ስጣታ!»

«ነው፤ ግን አንዱ ስጦታ ካንዱ ይቀድማል» አለና የነጋዴ ሳቅ ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ለወጥ አለ። «እናቴ ከኔ የለመነችው ይህን አንድ ነገር ነው። ሌላ ምን ይዤ እርስዎን ልለምን?»

ኢክራም እጄን ያዘች። «ሲቲ፣ ክፍያው ኀሙስ ማታ ይዘጋል» አለች ቀስ ብላ። ማክሰኞ ነበር።

ስንመለስ ሹመይሲ፣ መካ መግቢያው ኬላ ላይ፣ መኪናው ቆመ። እዚያ ስንደርስ የተሳፈረ ሁሉ ዝም ይላል፤ ሰው ኢቃማውን ይዞ ትንፋሹን ይቆጥባል። የኔ ኢቃማ ደኅና ነው፤ እኔን ዝም ያሰኘኝ ሌላ ነው። የጂዳን መንገድ ሙሉ አንድ ስም በአፌ ልለማመድ ብሞክር ምላሴ ታስሮ ቀረ።

ረቡዕ ከሱብሒ፣ ከንጋቱ ሶላት፣ በኋላ ተነሣን። የመካ ነዋሪ የሆነ ሰው ዑምራ፣ ትንሿን ሐጅ፣ ሲያስብ ከሐረሙ፣ ከተከበረው ክልል፣ ወጥቶ፣ ተንዒም ሄዶ፣ እዚያ ነይቶ ነው የሚመለሰው። ለሌላ ሰው ከሆነ የዚያን ሰው ስም ይጠራል፤ «ለበይከ ዑምረተን ዐን እገሊት» ይላል፤ ስለ እገሊት ለዑምራ መጣሁልህ ማለት ነው። ዋናው ግን ምላስ አይደለም፤ ኒያ፣ ሐሳቡ፣ ያለው በልብ ነው። እኔ ይህን መንገድ በርካታ ዓመት ተመላልሼበታለሁ፣ ለራሴም፣ ለእናቴም፣ ለይማምም። አዎ፣ ለዚያ ለእጅሽ ባዶ ነው ላለኝ ሰውዬ እንኳ ስሙን ጠርቼ ዞሬለታለሁ።

ተንዒም መስጂድ ሴቶቹ ጋ ገባሁ። ሰግጄ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ የኢንዶኔዥያ ሴቶች ተሰልፈው አንድ ላይ ተልቢያውን፣ «ለበይክ»ን፣ ይላሉ፤ እንደ ወንዝ ነው ድምፃቸው። እኔም አብሬ «ለበይከ ዑምራ» አልሁ። አውቶቡሱ ሊሄድ ነበር፤ ኢክራም «ያላ ሲቲ፣ ያላ!» እያለች ጎተተችኝ።

ጠዋፉን፣ የካዕባን ሰባት ዙር፣ ዞርሁ። ጉልበቴ ከወትሮው በላይ አመመኝ፤ ሰዉ ብዙ ነበር። ለኢክራም ለመንሁ። ለጉልበቴ ለመንሁ። ለሰዓዳ ባል የሚሻል ሥራ ለመንሁ። በሁለቱ ኮረብቶች፣ በሰፋና በመርዋ፣ መሐል ስመላለስ ወንዶች የሚፈጥኑበት አረንጓዴው መብራት ጋ ጎረምሶቹ ሲሮጡ ተደግፌ ቆምሁ። መጨረሻ ላይ መርዋ ጥግ ተቀምጬ ኢክራም ከፀጉሬ ጫፍ ትንሽ ቆረጠችልኝ፤ ዑምራው የሚዘጋ በዚህ ነው። ከዚያ እጇን ዘርግታ፣

«አላህ ለአያቴ ፋጡማ ይቀበላት» አለች።

መቀሱ አጠገቤ ነበር፤ እሱን እያየሁ ደነዘዝሁ። ተንዒም ላይ ስም አልጠራሁም። ምላሴ በለመደበት ሄደ። ቢሆንም ልብ አለ ብዬ ልቤን ፈተሽሁት፤ ከተንዒም እስከ መርዋ ያለውን ሁሉ ገለባበጥሁት። ኢክራም አለች፣ ጉልበቴ አለ፣ የኢንዶኔዥያ ሴቶቹ ድምፅ አለ። ያቺ የለችም። አንዴም ብልጭ አላለችም። ዕድሜ ልኬን እንቅልፍ የነሣችኝ ሴት፣ የምትፈለግበት ሰዓት ላይ ከልቤ ጠፍታለች!

«ኢክራም፣ ይሄ ዑምራ የሷ አይደለም» አልሁ።

«ምን ማለት ነው?»

ነገርኋት። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ሲቲ፣ ኸላስ፣ አለቀ። አድርገሻል። ደክመሻል። ማን ያውቃል?»

ወላሂ ለአፍታ ያህል እውነቷን ነው አልሁ። ስልኩን አንሥቼ «ጨርሻለሁ» ብል ውሸት አይሆንም፤ ጨርሻለሁ። ስልኩን አነሣሁና ደወልሁ።

«እቴቴ! ጨረሱ? አላህ ይቀበል!» አለ ጀማል። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል።

«ጨርሻለሁ። ለእናትህ ግን አይደለም።»

«እንዴት እቴቴ?» አለ።

«ስሟን አልጠራሁም። በልቤም አልነበረችም። ለራሴ ሆኖ ወጣ።»

«ረስተው ነው ወይስ እንቢ ብለው?»

«እሱን እኔም አላወቅሁት ልጄ።»

«ባይነግሩኝ እኮ ማን ያውቅ ነበር?» አለኝ።

«ያቺ ታውቅ ነበር።»

ከስልኩ ወዲያ የሆነ ነገር ሰማሁ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። «እንግዲያው ነገ አለ እቴቴ። ገንዘቡ እዚሁ እኔ ጋ ነው» አለና ዘጋ። ነጋዴ ነው፤ እናቱንም ይወዳል። በሱ አልፈርድም።

ኢክራም ከፊቴ ከፊቴ መሄድ ጀመረች። እኔን ትታ ሄዳ አታውቅም። በር ላይ ስደርስ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ለምን ነገርሽው? ነገ ጉልበትሽ እንቢ ቢልስ? ነገ ብትታመሚስ? አንቺ የምትቀኚባት ሴት ሞታለች ሲቲ። እኔ አለሁ!»

ጉልበቴን ይዤ ተከተልኋት።

ከመግሪብ፣ ከምሽቱ ሶላት፣ በኋላ ሰዓዳ ጉልበቴን በጥቁር አዝሙድ ዘይት ታሸኝ ጀመር። ጉልበቴ እንደ ሊጥ አብጧል። እጇ ጥሩ ነው፤ ከሥሩ ይዛ ወደ ላይ ትስባለች።

«ከማን ተማርሽው ይሄን? እኔ አላስተማርሁሽም» አልኋት።

ዘይቱን ጨመረችና፣ «ልጅ ሆኜ እግሬን ሲያመኝ እማ እንዲህ ታሸኝ ነበር» አለች።

ሰው ጉልበቱ እየታሸ በታሸበት እጅ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። እግሬን ልስብ አልሁ፤ ግን ይመቻል። ዝም ብዬ ታሸሁ።

ኀሙስ ጧት መቆም አቃተኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ኢክራም ገባች። ልብሷን ለብሳለች።

«ሲቲ፣ አንቺ ተኚ። እኔ ላድርግላት። ለራሴ አድርጌያለሁ፣ ለሌላ ሰው ማድረግ ይቻላል። ለኻሊ ጀማል እነግረዋለሁ፤ እንቢ አይልም።»

ጥሩ ሐሳብ ነበር። ብልህ ሰው እሺ ይላል። እኔን ግን ምን እንደያዘኝ ታውቃላችሁ? የኔ ኢክራም፣ በዚያ በወጣት እግሯ፣ ለያቺ? ልጄን ወስዳ አሳደገች፤ አሁን የልጅ ልጄን ጠዋፍ ልትወስድ? ብድግ አልሁ። እውነት እላችኋለሁ፣ ያቆመኝ ዘይቱ አይደለም፤ ቅናቴ ነው ያቆመኝ።

«እኔን ነው የጠራች፤ እኔው እሄዳለሁ። ጫማዬን አምጪ።»

ኢክራም አፏን በእጇ ሸፈነች። ከትናንት ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

ተንዒም ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ሰግጄ ከጨረስሁ በኋላ አልተነሣሁም። ኢክራም ከጎኔ ተቀመጠች፤ አላቻኰለችኝም። «ለበይከ ዑምረተን ዐን...» አልሁ። ቆመብኝ። እንደገና ጀመርሁ። ቆመብኝ። ስም ቀላል ነገር ይመስላችኋል? ባቲ ገበያ ላይ ስሟን ጠርቼ የሰደብኋት ስድብ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ኖሯል፤ አንዱን ሳስብ ሌላው ይከተላል። ስለዚህ ዓይኔን ጨፍኜ እሷን ራሷን ፈለግሁ። የመጣልኝ ምን ይመስላችኋል? እኔ ከአገር የወጣሁ ዕለት ነው። ሰዓዳ ቀሚሴን ይዛ አልለቅም ስትል፣ ያቺ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከቀሚሴ ላይ ስታላቅቅ። ልጄን ከኔ እየነጠቀች መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ጣቶቹን የምታላቅቀው ቀስ ብላ ነው፤ እንዳያማት።

«ለበይከ ዑምረተን ዐን ፋጡማ» አልሁ። ጮክ ብዬ። አጠገቤ ያለች ሴት ዞር ብላ አየችኝ።

በጠዋፉ ጸለይሁላት ብላችሁ ደስ ባላችሁ። በመጀመሪያው ዙር ተጣላኋት። ቆርቆሮውን አነሣሁባት። አንድ ዒድ ይማም ለሷ ቀይ ሻሽ፣ ለኔ ሳሙና የገዛበትን አነሣሁባት። «እማ» አስባልሽ አልኋት። ሰው እየገፋኝ፣ ጉልበቴ እየጮኸ፣ ከሞተ ሰው ጋር ስጨቃጨቅ ዞርሁ። መካከል ላይ የምላት አለቀብኝ። ሰው ይህን ሁሉ ዘመን የያዘው ነገር ይህችን ታህል ብቻ ነው? ከዚያ በኋላ የሚባል ሲጠፋ፣ ዝም ብዬ ካዕባን አሳየኋት። «ይኸው ልብሱ፣ ይኸው በሩ፣ ይኸው ወርቁ» እያልሁ። ያላየ ሰው ይዞ እንደሚያዞር ሰው።

ለሰዕዩ፣ ለሰፋና መርዋ ምልልሱ፣ ኢክራም ተሽከርካሪ ወንበር ልታመጣ ነበር።

«ተይው። ‹በጋሪ ተገፍታ ነው የዞረችልኝ› እንድትለኝ?» አልኋት።

«ሲቲ፣ ሞታለች እኮ!»

«አታውቂያትም።»

እየተደገፍሁ፣ እየቆምሁ፣ ዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ በመሐል ተሰግዶ፣ ጨረስሁ። መርዋ ላይ ፀጉሬ ሲቆረጥ ጀማል ከሰዉ መሐል ወጣ። ሱቁን ዘግቶ ከጂዳ መጥቷል። ምንም አልጠየቀኝም፤ ፊቴን አየና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ፣ ያንን ያበጠውን። ስልኩን አውጥቶ ነካካ፤ ኢክራም ስልክ ላይ የሆነ ነገር ጮኸ። ልጅቱ የገባላትን ገንዘብ አየች። እዚያ ቀዝቃዛ ዕብነ በረድ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«አንድ ነገር ይቀራል እቴቴ» አለ ጀማል። «እናቴ፣ ‹ከጨረሰች በኋላ እንጂ በፊት እንዳታሰማት› ብላኝ ነው።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገው። ሳል ቀደመ። ከዚያ ያ ድምፅ።

«አሰላሙ ዐለይኪ ዘሀራ። ይሄን ከሰማሽ ስሜን ጠርተሻል ማለት ነው። እፎይ! ‹ያቺ› ስትዪኝ ስሜን ልረሳው ነበር እኮ። ምን አስቀናሽ ግን? ይማም? ይማም ሲያንኮራፋ ከብቱም አይተኛም፣ ታውቂዋለሽ። ቆርቆሮሽ? ዝናብ ሲመታው ያንቺ ምላስ ይመስለኝ ነበር። የቀናሁስ እኔ። አንድ በሬ ነበረን፤ በሬው ላንቺ ተሸጠ። አንቺ ካዕባን አየሽ፣ እኔ ይማምን አየሁ። ይማም ሞተ። ከሐጅ የመጣ ሰው በሳምሁ ቁጥር ‹ዘሀራ ዛሬም አይታው ዋለች› እል ነበር። ሰዓዳን ‹እማ› ያስባልኋት እኔ አይደለሁም፤ ስታለቅስ ራሷ ናት ያለች። ልጆቼ ይወዱኛል፤ የሚወድ ሰው ግን ቀስ በቀስ ይረሳል። የቀናበትን ማን ይረሳል? አንቺ እንደማትረሺኝ አውቄ ነው። አውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ።»

አለቀ። ሰዉ ይጎርፋል። እኔ ስልኩን እንደያዝሁ ጀማልን፣

«መልስ መላኪያ የለውም?» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀ።

ኢክራም አሁን ማሌዥያ ናት። ስትደውል የመድኃኒቶቹን ስም ትነግረኛለች፤ እኔ የትኛው ለጉልበት እንደሆነ ብቻ ነው የምጠይቃት። ግማሹ ክፍያ ዛሬም ግማሽ ነው፤ በየወቅቱ ይመጣል። አጎቷ ያግዛል፣ አባቷ ይነዳል፣ እኔ አራስ አሻለሁ። ሰዓዳ ዛሬም «እቴቴ» ትለኛለች። አንድ ቀን ግን ሽንኩርት እየከተፈች ስለ ልጅነቷ ስታወራ «እማ» ብላ ስትጀምር ንግግሯን ልትውጥ አለች፤ «ጨርሺዋ፤ ፋጡማ ምን አለች?» አልኋት። ሽንኩርቷን ትታ አየችኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቅናት ከልብ ተነቅሎ ይወጣል የሚላችሁን ሰው አትመኑ። የኔ አልወጣም። ቀይዋን ሻሽ ዛሬም አልረሳኋትም። ነገር ግን ቅናት ሥራ ካስያዛችሁት ይሠራል፤ መቆም ያቃተኝን ጧት ያቆመኝ እሱ አይደለም? ደግሞም የምትቀኑበትን ሰው በሕይወት ሳለ በስሙ ጥሩት። ሳትጠሩት የሞተ እንደሆነ፣ መልስ መላኪያ የሌለው ስልክ ይዛችሁ ትቆማላችሁ።

ባለፈው ሰሞን መካ ዝናብ ጣለ። ጎዳናው ጎርፍ ሆነ፣ ሕፃናቱ ጮኹ። ጎረቤታችን ጣራ ላይ ካስቀመጠችው ቆርቆሮ ላይ ሲንጣጣ ሰማሁት፤ እውነትም የኔን ምላስ ይመስላል። በማግሥቱ ጧት ጫማዬን አደረግሁና ለማንም ሳልናገር ተንዒም ሄድሁ። የጠየቀኝ የለም፣ የከፈለኝ የለም። ሰገድሁና ስሟን ጠራሁ፤ ያለ አንዳች መሰናክል ወጣ። ከዚያ ለፋጡማ ዞርሁላት። ቅናቴም አብሮኝ ዞረ።